በአስካለ ስም የተከፈተ መዝገብ

አንዲት ሴት ነበረች፤ ዕድሜዬን በሙሉ በሰው ቤት ኖርኩ የምትል። «በሰው ቤት» የሚለውን ቃል እኔ አላመጣሁትም፤ የራሷ ቃል ነው።

ስሟ አልጋነሽ ይባላል። ከዋናው አስፋልት ገባ ባለች አንዲት የወረዳ ከተማ፣ እትዬ አስካለ ከሚባሉ ባልቴት ጋር ትኖር ነበር። ወደዚያ ቤት የገባችው ገና የወተት ጥርሷ ሳይነቀል ነው። እናቷ በወሊድ ሞተችባት። ገበሬው አባቷ አምጥቶ ለእትዬ አስካለ ሰጣትና ሄደ፤ ወደዚያ ቤት ተመልሶም አልመጣ። ብዙ ሳይቆይ እሱም ሞተ የሚል ወሬ ተሰማ። እትዬ አስካለ ባላቸው የሞተባቸው፣ ልጅ ያልወለዱ፣ ቁጥብ ሴት ነበሩ። ፍቅራቸውን በአፋቸው የሚያወጡ ዓይነት አልነበሩም። የዚያ ዘመን ሰውስ መቼ በአፉ ይወድ ነበር?

ታዲያ ሕፃኗ ምን ብላ ትጥራቸው? ሰፈሩ ሁሉ «እትዬ አስካለ» ይላቸዋል። ባለሱቁም፣ ጎረቤቱም፣ ልብስ የምታጥበውም ሴትዮ። ልጅ የሰማውን ነው የሚለው። አልጋነሽም «እትዬ» አለቻቸው። የተቆጣት የለም፤ ያረማት የለም። «እትዬ» እንዳለች አደገች፤ «እትዬ» እንዳለች አረጀች ልል ነበር፤ ግን አላረጀችም፣ ጎለመሰች ልበል።

እንዴት እንደኖረች ልንገራችሁ። ትምህርት ቤት ገብታለች። ለበዓል አዲስ ልብስ ይገዛላታል። ግን ገበታ ሲቀርብ አትቀመጥም። «ቁጭ በይ እንጂ አልጋነሽ» ይላሉ እትዬ አስካለ። «እሺ እትዬ» ትላለች። አትቀመጥም። ጨው ልታመጣ ትነሣለች፣ ውሃ ልትቀዳ ትነሣለች፣ በመጨረሻ ከጓዳው በር ተደግፋ ቆማ ትጎርሳለች። ትኩሳት ይዟት እንኳ ተነሥታ ቤት ትጠርጋለች። ሊያገባት ሽማግሌ የላከ ሰው ነበር፤ «እትዬን ማን ያያቸዋል» ብላ መለሰችው። ማን አዘዛት? ማንም። ማን ተቆጣት? ማንም። እሷው በልቧ «እዚህ ቤት የምኖረው እስከሠራሁ ድረስ ነው» የሚል ሕግ አወጣች፤ ራሷ ላወጣችውም ሕግ ተገዛች።

ወገኖቼ፣ ሌላ ሰው ከሚጭንብን ቀንበር ይልቅ ራሳችን በራሳችን ላይ የምንጭነው አይከብድም ትላላችሁ?

አንድ ትዝታ ነበራት። ትንሽ ሳለች፣ አንድ ቀን ጠዋት እትዬ አስካለ ገላዋን አጥበው፣ ጠጉሯን ሠርተው፣ አዲስ ቀሚስ አልብሰው ወደ አንድ ሰፊ ክፍል ወሰዷት። ክፍሉ ውስጥ ባንዲራ ተሰቅሏል። ከፍ ያለ ወንበር ላይ አንድ ሰው ተቀምጧል። አባቷም ከጥግ ቆሟል። ሰውየው ይጠይቃል፣ እትዬ ይመልሳሉ፣ ሌላው ይጽፋል። በመጨረሻ አባቷ ጣቱን ቀለም ነክሮ ወረቀት ላይ አተመ፤ እንባውን በጋቢው ጫፍ እየጠረገ ወጣ። እሷም አባቷን ለመጨረሻ ጊዜ ያየችው ያኔ ነው።

ሕፃን ይህን ምን ብላ ትተርጉመው? በዚያው ሰሞን የእትዬን ብርጭቆ ሰብራ ነበር፤ ያውም ከሟች ባላቸው የቀረውን። ስለዚህ «ብርጭቆ ሰብሬ ተከሰስኩ፣ አባቴም በእኔ አፍሮ አለቀሰ» ብላ ያዘችው። ሳቃችሁ? ሳቁ፣ ግድ የለም። ካደገች በኋላ ግን የብርጭቆውን ነገር ተወችና ከዚያ የባሰ ነገር አመነች። አባቴ ለሠራተኝነት ፈርሞ የሰጠኝ ቀን ነው አለች። በዚህም እምነት ስትኖር ጠጉሯ ሸበተ።

እንግዲህ አንድ ጥያቄ በሆዷ ይዛ ኖረች፤ «እኔ ለእርስዎ ምንዎ ነኝ?» የሚል። ስንት ጊዜ ከአፏ ደርሶ ተመለሰ! ጥያቄው ከባድ ሆኖ አይደለም። መልሱን ፈርታ ነው። «ሠራተኛዬ ነሽ ቢሉኝስ? ሳልጠይቅ ብኖር ቢያንስ አልሰማውም» ትላለች። ተስፋዋን እንዳይሰበርባት ብላ ከሣጥን ቆልፋ አኖረችው፤ አውጥታም አልለበሰችው።

እትዬ አስካለ አረጁ፤ ዓይናቸው ደከመ፤ ከአልጋ ዋሉ። አልጋነሽ አጠበቻቸው፣ አጎረሰቻቸው፣ ደግፋ አስነሣቻቸው። አንድ ከሰዓት በኋላ፣ ሕመሙ የጠናባቸው ጊዜ፣ እጇን ያዙና፣

«አልጋነሽ፣ የምትጠይቂኝ ነገር የለም?» አሏት።

«ኧረ የለም እትዬ። ውሃ ላምጣልዎት?» አለች።

እትዬ አስካለ ትንሽ አዩዋትና «እሺ፣ አምጪልኝ» አሉ። ውሃውን አመጣች። በዚያው ሳምንት ዐረፉ።

በልቅሶው ድንኳን ውስጥ ዘመድ ሁሉ ፍራሽ ላይ ተቀምጦ «ያጽናችሁ» ይባላል። አልጋነሽ የት ነበረች? ጓዳ ውስጥ ድስት ታማስል ነበር። ለቀስተኛው ገብቶ ሲወጣ እሷን ያጽናናት አልነበረም፤ ምክንያቱም የሞተባት መሆኑን ያወቀ አልነበረም። እሷም ብትሆን «ሞተብኝ» ለማለት መብት ያላት አልመሰላትም። የምታለቅሰው ሽንኩርት ስትልጥ ነበር።

ከአርባው በኋላ የእትዬ አስካለ የወንድም ልጅ፣ ጌጡ የሚባል፣ ከሌላ ከተማ መጣ። ክፉ ሰው አልነበረም። ክፉ ቢሆን ይቀል ነበር፤ ትጣላው ነበር። እሱ ግን በትሕትና ተቀምጦ፣ «አልጋነሽ፣ ለአክስቴ የደከምሽውን እግዚአብሔር ይክፈልሽ። ግን ቤቱ የዘመድ ነው። ማረፊያ እስክታገኚ እንታገሥሻለን» አላት። ደግ አነጋገር ነው። ደግነቱ ነው አጥንቷን የሰበረው።

ጌጡ ወራሽነቱ እንዲረጋገጥለት ለወረዳው ፍርድ ቤት አመለከተ። ዳኛዋ ቤቱ ውስጥ ያደገች ሴት መኖሯን ሲሰሙ አስጠሯት።

«ለሟች ልጃቸው ነሽ?» አሏት።

አልጋነሽ ዞር ብላ አየች። ጌጡም ጎረቤቱም ያያታል።

«አላውቅም» አለች።

እስቲ አስቡት፤ አንድ ሰው ዕድሜውን ከኖረበት ቤት መጥቶ «ልጅ ነህ ወይ?» ሲባል «አላውቅም» ሲል። ዳኛዋም፣ «ማስረጃ ካለሽ ለቀጠሮው አቅርቢ። ከሌለሽ ግን ፍርድ ቤቱ ባለው ማስረጃ ይወስናል» አሏት። በዚያች ቀጠሮ ላይ የቆመው ቤቱ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ቤት ይከራያል፣ ጎጆ ይቀለሳል። እዚያ ላይ የቆመው ዕድሜዋ በሙሉ ምን እንደነበረ ነው።

ያን ጊዜ ያ ባንዲራ የተሰቀለበት ክፍል ትዝ አላት። የዚያን ቀን የሚጽፍ ሰው ነበር። የተጻፈ ነገር ደግሞ አንድ ቦታ ይቀመጣል አይደል? ስለዚህ ወደ ፍርድ ቤቱ መዝገብ ቤት ሄደች፤ ከግቢው በስተኋላ ያለ፣ አንድ መስኮት ያለው ቤት ነው። ከመስኮቱ ፊት ባለጉዳይ ተኮልኩሏል። አንዱ፣ «ውስጥ ሰው አለሽ?» አላት። «የለኝም።» «አይ፣ እንግዲያማ አለቀልሽ» ብሎ ከንፈሩን መጠጠላት። እናንተም እንደዚያው ናችሁ። ቢሮ ከመሄዳችሁ በፊት ሰው ነው የምትፈልጉት፤ መስኮቱ ግን ክፍት ነበር።

ደጅ ላይ የተቀመጠው ራፖር ጸሐፊ ማመልከቻ ጻፈላትና አስገባች።

«በማን ስም ነው?» አለቻት የመዝገብ ቤቷ ሠራተኛ።

«በእኔ። አልጋነሽ ታረቀኝ።»

ሴትየዋ የስም ማውጫውን ገለጠች፣ ወደ ኋላም ወደ ፊትም አገላበጠች። «የለም» አለች።

«በደንብ ይዩልኝ እባክዎ።»

«አየሁልሽ እኮ እህቴ። በዚህ ስም የተከፈተ መዝገብ የለም።»

የለም። አልጋነሽ ይህችን ቃል ከመዝገብ ቤት ሠራተኛ አፍ የሰማቻት አልመሰላትም። ከሰማይ የመጣች ፍርድ ሆነችባት። ዕድሜዋን ሙሉ የፈራችው መልስ ይኸው ነበር። ወደ ቤት ገብታ ልብሷን ማጠፍ ጀመረች። የራሴ ነው ብላ የምትወስደውን ከእትዬ ዕቃ ስትለይ ብዙም አልከበዳትም፤ የራሷ የሚባል ጥቂት ነበር።

እሷ ዕቃ ስትለይ ጎረቤቷ ጋሽ ውበቴ ገቡ። ጋሽ ውበቴን ብታውቋቸው! ከገዛ ወንድማቸው ጋር አንድ ክንድ በማትሞላ ድንበር ሲሟገቱ የኖሩ፣ እርሻቸውን ከሚያውቁት ችሎቱን አብልጠው የሚያውቁ ሰው ናቸው። ወንድማቸው ከሞተ ወዲህ የሚሟገቱት ሰው አጥተው ከስተዋል ይባላል።

«የት ልትሄጂ ነው?» አሏት።

«መዝገብ አስፈልጌ የለም አሉኝ፣ ጋሽ ውበቴ።»

«በማን ስም አስፈለግሽ?»

«በስሜ ነዋ።»

ጋሽ ውበቴ በትራቸውን ግድግዳው ላይ አስደግፈው ቁጭ አሉ። «ያኔ ምን ታክይ ነበር?»

«ሕፃን ነበርኩ። ጥርሴ አልተነቀለም።»

«ታዲያ ሕፃን እንዴት አድርጎ ነው መዝገብ የሚያስከፍተው? ልጄ፣ መዝገብ የሚከፈተው በአመልካቹ ስም ነው። ነገሩ ያንቺ ይሁን፤ ግን ወደ ችሎት የሄደው ማነው? ደጅ የጠናው ማነው? የምታገኚው በዚያ ሰው ስም ነው።»

«የወሰዱኝማ እትዬ ናቸው።»

«እንግዲያው በእትዬሽ ስም አስፈልጊ።»

አልጋነሽ ያጠፈችውን ልብስ ጉልበቷ ላይ አኖረች። «ጋሽ ውበቴ፣ ተገኝቶ "ሠራተኛ ናት" ቢልስ?»

«ቢልስ? እንደ ሠራተኛ ኖረሽ የለም ወይ? ምን ይጨምርብሻል?» አሉ ሽማግሌው። ሰውን እንዴት እንደሚያጽናኑ አያችሁልኝ? ግን እውነት ነበር። የምታጣው ነገር እንዳልቀራት ያን ጊዜ ገባት። ተነሥታ ሄደች።

«አስካለ ብዙነህ» አለች በመስኮቱ።

የመዝገብ ቤቷ ሠራተኛ ማውጫውን ገለጠች። ጣቷ ወርዶ ወርዶ አንድ ቦታ ቆመ። «አለ። የድሮ ነው፣ ከኋላ መጋዘን ነው ያለው። አይጥ ካልበላው ይገኛል። አንቺ ምናቸው ነሽ?»

እንደገና ይኸው ጥያቄ። አልጋነሽ፣ «አብሬያቸው የኖርኩ ነኝ» አለች። ሠራተኛዋ ቀና ብላ አየቻትና፣ «ውጪ ጠብቂ፤ ስጠራሽ ትመጫለሽ» አለች።

አልጋነሽ ከባለጉዳዮቹ መሐል ከግድግዳው ሥር ተቀመጠች። ጥላው ሸሸ፤ እሷም ከጥላው ጋር ተጠጋች። ከብዙ ቆይታ በኋላ ሠራተኛዋ ጠጉሯ ላይ አቧራ ነስንሶባት በመስኮቱ ብቅ አለች። በእጇ በሲባጎ የታሰረ፣ ጠርዙ የተበላ ፋይል ይዛለች። ተጣራችም፤

«የአስካለ ብዙነህ ልጅ!»

የተነሣ የለም።

«የአስካለ ልጅ የለችም?»

ባለጉዳዩ እርስ በርሱ ተያየ። አልጋነሽም ዞር ብላ ግራዋን አየች፣ ቀኟን አየች። «እትዬ ልጅ ነበራቸው እንዴ?» ብላ አሰበች። «ያልሰማሁት ልጅ ኖሯቸዋል። ቤቱ የእሷ ነዋ። ታድላ!» ቅናት ቢጤም ልቧን ጫር አደረጋት። ያችን የታደለች ልጅ ለማየት አንገቷን እስከ ማስገግ ደረሰች።

ወገኖቼ፣ ስሟ እየተጠራ ሌላ ሰው ትፈልግ ነበር።

ሠራተኛዋ እጇን በመስኮቱ ዘርግታ ጠቆመቻት። «ኧረ አንቺ! አንቺን እኮ ነው የምጠራው።»

አልጋነሽ እንዴት እንደተነሣች አታውቅም። ፋይሉን ተቀብላ እዚያው ከመስኮቱ አጠገብ ካለው አግዳሚ ላይ ተቀመጠች። ወረቀቱ ወይቧል፤ ጽሑፉ ግን እንዳለ ነው። እንዲህ ይላል።

ጥያቄ፦ አመልካች ወይዘሮ አስካለ፣ ሕፃኗን የሚወስዱት ለቤት ሥራ ነው ወይስ ለልጅነት?

መልስ፦ ለልጅነት ነው።

ጥያቄ፦ ወደፊት አግብተው የራስዎን ልጅ ቢወልዱስ?

መልስ፦ ብወልድ ታናሿ ይሆናል።

ጥያቄ፦ ዘመዶችዎ ቢቃወሙስ?

መልስ፦ ዘመዶቼን አላማከርኩም። ፈጣሪዬን አማክሬያለሁ።

ከዚህ በታች የአባቷ ቃል ሰፍሯል። «እናቷ ሞታለች። እኔም ደረቴን ያመኛል፤ ብዙ የምቆይ አይመስለኝም። ሜዳ ላይ እንዳትቀርብኝ ብዬ ነው እንጂ ልጄን ጠልቼ አይደለም። ይህች ቃል ትጻፍልኝ» ይላል። ተጽፎለታል። ከሥሩ የአውራ ጣቱ አሻራ አለ። አልጋነሽ የራሷን አውራ ጣት ቀስ ብላ አሻራው ላይ አሳረፈች።

ቀጥሎ የዳኛው የመጨረሻ ጥያቄ።

ጥያቄ፦ ሕፃኗ ይህን እንድታውቅ ያደርጋሉ?

መልስ፦ አሁን ልጅ ናት፣ አይገባትም። ስታድግ ትጠይቀኛለች። ስትጠይቀኝ እነግራታለሁ።

በመጨረሻም ውሳኔው አለ። ሕፃን አልጋነሽ ከዛሬ ጀምሮ ለወይዘሮ አስካለ ብዙነህ የጉዲፈቻ ልጅ ሆናለች፤ ከአብራካቸው የተከፈለ ልጅ ያለው መብት ሁሉ ይኖራታል ይላል። ፊርማ አለው፤ ማኅተም አለው።

አልጋነሽ ፍርሃት ያዛት። የክፉ ነገር ፍርሃት አይደለም። ሰው ከእሱ እጅግ የሚበልጥ ነገር ፊት ድንገት ቆሞ ሲገኝ ጫማ የሚያስወልቀው ዓይነት ነው። ሁሉ ነገር ቦታውን ሲለውጥ አየች። «ቁጭ በይ እንጂ» የሚለው ቃል ለሠራተኛ የሚባል ይሉኝታ አልነበረም፤ እናት ልጇን ወደ ገበታ ስትጠራ ነበር። የበዓሉ ቀሚስ ደመወዝ አልነበረም። የአባቷ እንባ ሐፍረት አልነበረም። ብርጭቆ ሰብሬ ተከሰስኩ ያለችበት ቀን እናት ያገኘችበት ቀን ነበር! ያን ሁሉ ዘመን ጓዳ ቆማ ስትጎርስ ይህ ወረቀት እዚህ ተቀምጦ ነበር። ስትታመም ነበር። ስትጠርግ ነበር። እሷ ባታውቀውም ነበር፤ እሷ ስላላወቀችውም አንዲት ፊደል አልተፋቀችበትም።

«የምትጠይቂኝ ነገር የለም?» ብለዋት ነበር። እሷ ውሃ አመጣችላቸው።

አልጋነሽ ከአግዳሚው ላይ ሆና፣ ባለጉዳይ ፊት፣ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጣል አድርጋ፣ «እማዬ» አለች። ያን ጊዜ ነው የሞተባት። ልቅሶ ደራሽ ሆኖ የተገኘላት ያ «አለቀልሽ» ያላት ሰውዬ ነበር፤ እሱም ነገሩን ሳያውቅ «አይዞሽ፣ ያጽናሽ» አላት።

በቀጠሮው ቀን ዳኛዋ ማኅተም ያረፈበትን ግልባጭ በችሎት አነበቡት። ጌጡ ቆሞ ሰማ። «እኛ ይህን አናውቅም ነበር። ካወቅን አንከራከርም» አለና አቤቱታውን አነሣ። ከችሎት ሲወጡ አልጋነሽ ክንዱን ይዛ፣ «እንግዲህ የአጎቴ ልጅ ነህ፤ ምሳ ሳትበላ አትሄድም» አለችው። ሰውየው ቤት ሊወርስ መጥቶ ዘመድ ወርሶ ሄደ። ምሳው ሲቀርብ አልጋነሽ ተቀምጣ በላች።

አሁን ወደ እናንተ ልመለስ።

እናንተ በእግዚአብሔር ቤት ያላችሁ፣ እንዴት ነው የምትኖሩት? ተቀምጣችሁ ነው ወይስ በሩን ተደግፋችሁ? አገልጋዮች፣ መዘምራን፣ ወንበር የምትደረድሩ፣ ደጁን የምትጠርጉ፣ እግዚአብሔር ይስጣችሁ። ግን ስለምንድን ነው የምትሮጡት? ልጅ ስለሆናችሁ ነው? ወይስ ብታርፉ የምትባረሩ ስለሚመስላችሁ? ማን ነው ይህን ሕግ ያወጣባችሁ? እሱ ነው? ወይስ እናንተው?

ደግሞስ በማን ስም ነው ስታስፈልጉ የኖራችሁት? አውቃለሁ፤ በራሳችሁ ስም ነው። «ይህን ያህል ጾምኩ፣ ይህን ያህል ሰገድኩ፣ ይህን በደልኩ» እያላችሁ በስማችሁ ትፈልጉና «የለም» ሲባል ልብሳችሁን ታጥፋላችሁ። ሞኞች! እናንተ ገና ምንም በማታውቁበት ጊዜ ስለ እናንተ የሄደው ማነው? ስለ እናንተ የቆመው፣ የተጠየቀው፣ የመለሰው ማነው? ስለ እናንተ የደማውስ? የእናንተ ጉዳይ የተጻፈው በእሱ ስም ነው። በእሱ ስም ፈልጉ። ያኔ ምን እንደምታነቡ ባውቅ እነግራችሁ ነበር፤ እኔም አንብቤ አልጨረስኩትም። ባነበብኳት ጥቂት ፊት ግን ጫማዬን አወልቃለሁ።

ስለምንድን ነው የማትጠይቁት? መልሱን ፈርታችሁ ነው። የሚጠላችሁ መስሏችሁ ነው። እሱ «የምትጠይቁኝ ነገር የለም?» ይላችኋል፤ እናንተ «ውሃ ላምጣልህ?» ትሉታላችሁ።

እትዬ አስካለን ልውቀሳቸው? ትንሽ ልውቀሳቸው፤ ነፍሳቸውን ይማር። የመጠየቂያውን ቀን ሲጠብቁ ዕድሜ አለቀባቸው። ያን የሚያህል ፍቅር ዳኛ ፊት ቆመው አስመዝግበው፣ ለልጅቷ ለራሷ ሳይነግሩ ሄዱ። እግዚአብሔር እንዲህ አይደለም። ሳይጠየቅ የነገረን፣ ሳንፈልገው የፈለገን አምላክ ነው። እኛ ግን እንደ እሱ ሳይሆን እንደ እትዬ አስካለ ነው የምንኖረው፤ ቤታችን ሞልቶ አፋችን ዝግ ነው።

እንግዲህ ዛሬ ከዚህ ስትወጡ ወደ ቤታችሁ ግቡ። እናታችሁ በሕይወት ካለች አጠገቧ ተቀመጡና ጠይቋት። ልጅ ያላችሁ፣ የወለዳችሁትም ሆነ ያሳደጋችሁት፣ እስኪጠይቃችሁ አትጠብቁ። ምናችሁ እንደሆነ ዛሬውኑ በአፋችሁ ንገሩት። ከእናንተ አንደበት ሊሰማው የሚገባውን፣ እናንተ ካለፋችሁ በኋላ መዝገብ ቤት ሄዶ እንዲያነበው አታድርጉት።